ድሬ ላይ የታዳጊ ቡድን ያዝ ተብለሃል? እንግዲያው ከዚህ ጀምር

ክለቡ ጠርቶ «ከ17 በታቹን አንተ ያዝልን» ብሎህ ከሆነ እንኳን ደስ ያለህ። የሚያስረክቡህን ግን ከወዲሁ ልንገርህ። የተላላጡ ኳሶች፣ ስም የተጻፈበት አንድ ደብተር፣ «ጎበዝ ጎበዝ ልጅ አውጣልን» የሚል ትእዛዝ፣ በቃ። ልጆቹ ምን በልተው እንደመጡ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ትምህርት ይግቡ አይግቡ የሚጠይቅህ የለም። አንዱ ታሞ እስኪወድቅ ወይም ጠፍቶ እስኪፈለግ ድረስ።

ድሬ ልጅ አጥታ አታውቅም። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በደህናው ዘመን ከአንዴም ሁለቴ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነባት ከተማ ናት። ዛሬም ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ሰፈር ፀሐይ በረድ ስትል ወጣ ብለህ ብታይ በባዶ እግሩ ሰው የሚያልፍ ልጅ አታጣም። አስቸጋሪው ያገኙትን መያዝ ነው። ዋናው ቡድን የሚደርሱት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስትሠራ የማይደርሱትንም አስበህ ሥራ። እነሱ ይበዛሉ።

1. ኳስ ከማውጣትህ በፊት ወረቀቱን ጨርስ

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፋይል ክፈት። የካርቶን ፎልደር ይበቃል። ውስጡ የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ፣ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስልክ (ሁለት ቁጥር ያዝ፣ አንዱ ሁሌም ዝግ ነው)፣ ትምህርት ቤቱና ክፍሉ፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ እቤት የሚነገረው ቋንቋ። የመጨረሻውን ቀላል ነው ብለህ አትለፈው። ልጁ ሜዳ ላይ በአማርኛ ሲቀልድ ይውላል፣ እናቱ ግን ሶማልኛ ብቻ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እግሩ የተሰበረ ቀን ማን ደውሎ ቀስ አድርጎ እንደሚነግራቸው ዛሬውኑ ወስን።

ዕድሜ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የቀን መቁጠሪያ ጣጣ ነው። በእኛ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ልጅ ላይ 7 ዓመት ትደምራለህ፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ጥቅምት 2003 የተወለደው በፈረንጆቹ የ2010 ልጅ ነው፣ የካቲት 2003 የተወለደው የ2011። የፊፋ የዕድሜ ውድድር የሚቆርጠው ጃንዋሪ 1 ላይ ስለሆነ እነዚህ ሁለት ልጆች አንድ ክፍል እየተማሩ በተለያየ የዕድሜ ቡድን ሊመደቡ ይችላሉ። በደፈናው 8 እየደመረ የሚልክ ሰው ሳያውቀው ዕድሜ ቀነሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው እያወቁ መቀነስ ነው። ሁሉም ያደርገዋል ይሉሃል። ፊፋ በፈረንጆቹ ከ2009 ጀምሮ በወንዶች ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ (የአጥንቱን እድገት የሚያሳይ ምስል) ያስነሳል። የአንጓው አጥንት ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ልጁ አበቃለት። እዚያ ባይደርስ እንኳ የ19 ዓመቱ ልጅ የ15 ዓመቱን እየጣለ ጎል ሲያገባ አንተ ስለሁለቱም የተሳሳተ ነገር ትማራለህ። የትንሹ ልጅ ጉልበት ደግሞ ይጎዳል። ብዙ ልጆች ሲወለዱ አልተመዘገቡም፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በእኛ 2008 መጨረሻ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት መዝገብና የክትባት ካርድ አብረህ እይ፣ ወላጅንም ጠይቅ። እማማን «ልጅዎ መቼ ተወለደ?» ከማለት «ያኔ ምን ነበር? ጾም ነበር ወይስ ረመዳን፣ ዝናብ ነበር?» ብትላቸው የተሻለ መልስ ታገኛለህ።

ክለቡ ለወረቀት ደንታ ከሌለው በብር አስረዳው። አንድ ተጫዋች ውል እያለው ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ባለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። ልጁን ከ12 እስከ 15 ያሳደገ ክለብ፣ ልጁ ኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ 10,000 ዶላር ይደርሰዋል። የሚደርሰው ግን ልጁ ያኔ በፌዴሬሽን በክለቡ ስም ተመዝግቦ ከተገኘ ነው። ደብተር ላይ የተጻፈ ስም አይቆጠርም።

2. ሰዓቱን ለድሬ አድርገው

ድሬ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ላይ ነች። ሐረር ወይም አዲስ አበባ የሚሠራውን ፕሮግራም ገልብጠህ እንዳታመጣ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምር፣ ከሰዓት ከሆነ ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ማንንም አታስሩጥ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጭራሽ አሳጥረው። ፊፋ ሙቀት፣ እርጥበትና ፀሐይ ተደምሮ በሚለካበት መሣሪያ 32 ዲግሪ ሲያልፍ ጨዋታ ቆሞ ውሃ እንዲጠጣ ይፈቅዳል። አንተ መሣሪያው የለህም፣ ስለዚህ በየ15 ደቂቃው ውሃ አስጠጣ፣ ልጁ ጠማኝ እስኪል አትጠብቅ። ውሃ መከልከል ወኔ ያስተምራል የሚል አሠልጣኝ ዛሬም አለ፣ አብሮህ ከሠራ ተጣላው።

አንድ ልጅ ሮጦ ሮጦ ድንገት የማይገባ ነገር መናገር ከጀመረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ስሙን ስትጠራው ከፈዘዘ ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጥቷል። መጀመሪያ አቀዝቅዘው። ጥላ ውስጥ አስገባ፣ ማሊያውን አውልቅ፣ ከአንገት እስከ እግር ውሃ አፍስስበት፣ በረዶ ካለ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርግ፣ አራግብለት። እያቀዘቀዝክ ነው መኪና የምታስጠራው። ባጃጅ ውስጥ ከትተህ በትኩስ አየር እየነዳህ ብትወስደው ያችን ወሳኝ ጊዜ አባከንካት። ከሜዳህ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል የትኛው እንደሚቀርብ ዛሬውኑ እወቅ።

ከደጋ የመጣ ልጅ ሙቀቱን እስኪለምድ 10 ቀን፣ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቀስ እያልክ ጨምርለት፣ «ሰነፍ ነው» ብለህ አትፍረድበት።

ረመዳን ሲመጣ ከጿሚዎቹ ጋር ተነጋገር። ከባዱን ልምምድ ከማፍጠሪያ በኋላ አድርገው። ካልተቻለ ማፍጠሪያው ሊደርስ ሲል አጭርና ቀላል ነገር ሥራ። እኩለ ቀን ላይ ጿሚ ልጅ እያስሮጡ «ማነው የጾመው?» እያሉ መጠየቅ ነውር ነው።

3. ደቻቱ አሸዋ ላይ ከሆነ የምትለማመዱት

ሜዳ ሲጠፋ ሁሉም ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይወርዳል። አሸዋ ጥሩ ነው፣ ግን ባትና የተረከዝ ጅማት ላይ ይበረታል፣ በሳምንት ከሁለት ቀን አታሳልፈው። ከዚያ በላይ የማስጠነቅቅህ ስለ ጎርፉ ነው። የ1998ቱን ክረምት የድሬ ሰው አይረሳውም፣ ውሃው ሌሊት መጥቶ ስንቱን ይዞ ሄደ። ጎርፉን የሚያመጣው ከላይ የሚዘንበው ስለሆነ አንተ ጋ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ከላይ በደንገጎ ከፍታ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ያን ቀን አሸዋው ላይ ልምምድ የለም። ልጆቹ «አቦ፣ እዚህኮ አይዘንብም!» ይሉሃል። አትስማቸው፣ አስወጣ።

4. እያደገ ያለ አካል

ወንድ ልጅ በፍጥነት የሚረዝመው 14 ዓመት አካባቢ ነው፣ ሴት ልጅ 12 አካባቢ። ከዚህ ወዲያና ወዲህ የሚሆነውም ብዙ ነው። በየሦስት ወሩ ግድግዳ ላይ አቁመህ ቁመታቸውን ለካና ፋይሉ ላይ ጻፍ። ድንገት የረዘመ ልጅ ኳሱ እሱን ይረግጠዋል እንጂ እሱ ኳሱን አይረግጠውም፣ እግሩ የራሱ አልመስል ይለዋል። ሰው «ኳሱ ጠፋበት» ይላል። አልጠፋበትም፣ ጥቂት ወራት ስጠው። በዚህ ጊዜ ዝላይና ፈጣን ሩጫ ቀንስለት። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለችው አጥንት አብጣ ስትነካት የሚያመው ከሆነ የተለመደ የእድገት ሕመም ነው። እረፍት ይፈልጋል፣ ማሸት አይፈልግም።

ዘግይቶ የሚያድገውንም አትጣለው። ሰውነቱ ስላነሰ ብቻ የሚሰናበት ልጅ የብዙ ክለብ በሽታ ነው። ከዓመት በኋላ ከሁሉም ሊረዝም ይችላል።

ማሟሟቂያ ላይ ፊፋ ያወጣውን «11+» የሚባለውን ተጠቀም። 20 ደቂቃ የሚፈጅ፣ 15 እንቅስቃሴ ያለው፣ ከኳስ በቀር ልዩ ዕቃ የማይፈልግ ነገር ነው። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ከተሠራ ጉዳት በሚታይ መጠን ይቀንሳል። ልጆቹ ይሰለቹታል። ይሰልቹ።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ያን ቀን አይመለስም። ምንም አልሆንኩም ቢል፣ ፍጻሜ ቢሆን፣ ፕሬዚዳንቱ መቀመጫ ላይ ቆመው ቢያዩህ አይመለስም። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከጨመረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወዲያው ሆስፒታል። ሌሎቹም አንድ ሁለት ቀን አርፈው በቀላል ሩጫ ጀምረው ደረጃ በደረጃ ይመለሳሉ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን እየተሰጠ። ምልክቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደኋላ።

አጥንት ሲሆን ደግሞ የሰፈር ወጌሻ ጋ ቀድሞ የሚወስድ ቤተሰብ አለ። አትስደባቸው፣ ግን መጀመሪያ ራጅ ይነሳ በላቸው። የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ደም ሳይዘዋወር ሲቀር እግሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስሩን ያን ሰዓት ፍታው።

5. ካምፕ ካላችሁ

ካምፕ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ተከራይቶ ፍራሽ የተዘረጋበት ቤት ነው። ይሁን። ግን በርሜሉን እይ።

ድሬ ውሃ ይቋረጣል፣ ሁሉም ያጠራቅማል፣ ሮቶና በርሜል ደግሞ ትንኝ ይፈለፈልበታል። በ2006 ደንጌ ገባ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ፣ በ2014 በበጋው ወባ ተነሳ። የወባውን ነገር ያባባሰችው ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ናት፣ እሷ ኩሬ አትጠብቅም፣ ንጹሕ ውሃ የያዘ ዕቃ ይበቃታል። ስለዚህ ዕቃው ሁሉ ይከደን፣ በሳምንት አንዴ ባዶ ተደርጎ ግድግዳው ይፈተግ፣ የደንጌ አስተላላፊዋ ትንኝ እንቁላሏን የምታጣብቀው እዚያ ላይ ነው። ተራ አውጣላቸው። አጎበር ለሁሉም። የደንጌዋ ትንኝ ቀን ስለምትናከስ አጎበሩ ብቻውን አያድንም፣ መክደኑ ነው ዋናው። ትኩሳት የያዘው ልጅ ሳይመረመር ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አትስጠው። ደንጌ ከሆነ ደም ሊያፈሰው ይችላል። ፓራሲታሞልና ውሃ ስጥና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰድ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ጠዋት ፉል በዳቦ ወይም እንቁላል፣ ምሳ ሩዝ ወይም እንጀራ በምስር፣ ከልምምድ በኋላ ሙዝ ወይም ማንጎ፣ ከተገኘ ወተት፣ የግመልም ቢሆን። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የሚጾም ልጅ ሽሮና ምስሩ በዛ ተደርጎ ይቅረብለት፣ ለውዝ ጨምርበት። በኪሎ የሚገዛ ለውዝ ከማንኛውም የተመረተ ዱቄት ይረክሳል። ጂም ቤት አካባቢ የሚሸጥ ስም የለሽ ዱቄት እንዳያስገቡ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

6. ጫቱን በግልጽ አውራው

ከጫት ገበያዋ ከአወዳይ ጋር የምንጎራበት ከተማ ውስጥ ሆኖ ይህን አለማንሳት ሰውን ማታለል ነው። ስብከት አትስበክ፣ ልጆቹ ስብከት ቤታቸው ይሰማሉ። ሦስት ነገር ንገራቸው። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። እንቅልፍ ይነሳል፣ ልጅ ደግሞ የሚያድገውም የተጎዳ ጡንቻው የሚጠገነውም በእንቅልፍ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የዶፒንግ ጉዳይ ነው። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በዓለም ፀረ ዶፒንግ ዝርዝር ላይ በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፣ ካቲን በሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ሲያልፍ ይያዛል። «ቅጠል ነው፣ ባህል ነው» የሚል መከላከያ ምርመራው ፊት አይሠራም። ይህችን ስትነግራቸው ዝም ብለው ያዳምጡሃል።

ከታላላቆቹ ጋር በርጫ ላይ መልእክተኛ እየሆኑ የሚውሉ ታዳጊዎች አሉ። ለዋናው ቡድን አምበል ንገረው፣ ልጅ አይላክ። እሱ ከተናገረ ይቆማል፣ አንተ ከተናገርክ ይሳቃል።

7. ትምህርት

የትምህርት ቤቱን ፈረቃ ከያዝከው ፋይል አውጥተህ ልምምዱን በዚያ አስተካክል። ክፍል የሚዘለል ልምምድ አይኑር። በየወሩ ውጤት ይምጣ፣ 8ኛና 12ኛ ክፍል ያሉት ደግሞ ፈተና ሲቃረብ ግማሽ ልምምድ ይበቃቸዋል። የወደቀን ልጅ ከኳስ አግደህ አትቅጣው፣ ኳሱን ስትነጥቀው ትምህርቱንም ይዞ ይጠፋል። ሜዳ ዳር ጥላ ሥር አንድ ሰዓት የሚያስጠና ተማሪ ፈልግለት። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው ያለው፣ በነጻ የሚያግዝ ኳስ ወዳድ አይጠፋም።

8. ልጆቹን ከሰው መጠበቅ

ይኼኛውን አንብበህ አትለፈው፣ አብረውህ ለሚሠሩት ሁሉ አስፈርም። ማንም ትልቅ ሰው፣ አንተንም ጨምሮ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ዝግ ክፍል ውስጥ ብቻውን አይሆንም። ማሸት በር ተከፍቶ፣ ሌላ ሰው ባለበት ይሁን። ካምፕ ውስጥ ታዳጊ ከዋናው ቡድን ተጫዋች ጋር አንድ ክፍል አያድርም። በቴሌግራም ለአንድ ልጅ በግል አትጻፍ፣ ወላጅ ያለበት ግሩፕ ክፈትና እዚያ ጻፍ። ከጨዋታ ማታ ሲመለሱ እያንዳንዱ በር ላይ እስኪደርስ ባጃጁ አይሄድም። ሴቶች ቡድን ካለ ሴት ቡድን መሪ ወይም ሴት ወጌሻ የግድ ነው፣ ካልተገኘች ከከተማ ውጭ ጉዞ አይኑር።

በጥፊ ማስተማርም ይቅር። «እኛም ተመትተን ነው ያደግነው» የሚለውን አውቀዋለሁ። ተመትተው ያቋረጡት ልጆች ግን ይህን ሊነግሩህ ሜዳ ላይ የሉም።

ቅሬታ የሚቀበል ሰው አሠልጣኝ ያልሆነ ይሁን። ልጁ ስለአንተ መናገር ቢፈልግ ወደ ማን ይሄዳል? የሰውየውን ስምና ስልክ መልበሻ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፍ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ። ጥቃት ነገር ከተሰማ ክለቡ ውስጥ በሽማግሌ አይያዝ፣ ፖሊስ ጣቢያ ያለው የሴቶችና ሕጻናት ክፍል ይሂድ። የክለብ ስም ይበላሻል የሚል ይመጣል። ይምጣ።

9. «ጅቡቲ አሻግረዋለሁ» የሚለው ሰውዬ

ይህ ሰውዬ ጎል ሁለት ሦስቴ ያገባ ልጅ ቤት በር ላይ ይቆማል። መነጽር ያደርጋል፣ ስልኩ ላይ ፎቶ አለው። ወላጆችን ሰብስብና ይህን አስጨብጣቸው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ሌላ አገር ክለብ መዛወር በፊፋ ደንብ በመርህ ደረጃ ክልክል ነው፣ ያሉት ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችም እንደ ቤተሰብ ለሌላ ጉዳይ አብሮ መዛወር ያሉ ናቸው። ኤጀንት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ልጁን ወይም ወላጁን ማነጋገር የሚችለውም ልጁ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ውል ሊፈርም የሚችልበት ዕድሜ ሊደርስ 6 ወር ሲቀረው ነው፣ ያውም በአሳዳጊ የጽሑፍ ፈቃድ። ለሙከራ ብር ክፈሉ ያለ ሰው ደግሞ ሌባ ነው፣ ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልገውም። ፓስፖርት ለማንም «ለጊዜው» አይሰጥም።

በራስህም ክለብ ቢሆን ውል ሲመጣ ከ18 በታች ላለ ልጅ ከ3 ዓመት በላይ አይፈረምም። አሳዳጊው ይፈርም፣ ቤት ይዘውት ሄደው የሚያነብላቸው ሰው ፈልገው ይመለሱ። ደመወዝ በልጁ ወይም በአሳዳጊው የባንክ ሒሳብ ይግባ። በአሠልጣኝ ወይም በቡድን መሪ እጅ የሚያልፍ ብር ላይ ሁሌም አንድ ነገር ይጎድላል።

10. የምታሰናብተው ልጅ

ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አትስጥ። የተመረጡትን ስም ግድግዳ ላይ ለጥፎ ያልተጻፈው ራሱ ይረዳ ማለት፣ ወይም በግሩፕ ላይ መልቀቅ፣ በጣም የተለመደ ነው፣ በጣምም አስቀያሚ ነው። ከወላጁ ጋር አስጠራው፣ ቀን ላይ፣ ሰው ከሌለበት። ምክንያቱን በአጭሩ ንገረው፦ «ፍጥነትህ ለዚህ ደረጃ አልበቃም» ይሻላል፣ «በርታ፣ ከፈጣሪ ጋር» ከማለት። ካለቀሰ ይልቀስ፣ ቶሎ ብለህ ማጽናናት አትጀምር። ከውድድር ዘመኑ ማለቂያ ቀደም ብለህ ንገረው፣ ሌላ ክለብ ሊሞክር ጊዜ ያግኝ።

ከዚያ ፋይሉን አውጣ። የተመዘገበበትን ዓመታት የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የሕክምና ወረቀቱን ኮፒ፣ የልደት ወረቀቱን ስጠው። መልቀቂያውን አትያዝበት፣ «ምናልባት እንፈልገው ይሆናል» ብሎ ልጅ አግቶ ማስቀመጥ ግፍ ነው። ዳኝነት ወይም አሠልጣኝነት ይስበው እንደሆነ ጠይቀው፣ የፌዴሬሽኑ ኮርስ ሲወጣ ስሙን ላክለት። ከወር በኋላ ደውል። ካላነሳ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ሞክር፣ ለዚህ ነው ሁለት የያዝከው።